የኪራሙ ልጅና የመሪ ዘንግ

ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ሰኞ ዋለ። ወገኖቼ፣ ያን ቀን የሚያስታውስ ዕድሜ ጠገብ ካለ በመካከላችን ራሱን ይነቅንቅ፣ ያልደረሰበትም ጆሮውን ይስጠኝ። እሑድ ማታ ድረስ በመንገዱ ግራ ሲነዳ የነበረው የኢትዮጵያ መኪና ሁሉ ሰኞ ጠዋት በቀኝ ተነዳ። ስዊድኖች ይህንኑ ያደረጉት ከእኛ ሦስት ዓመት ዘግይተው ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ.፤ ስለነሱ ብዙ ተጽፏል፣ ስለኛ ግን እምብዛም አልተባለም። ሰው ከግራ ወደ ቀኝ መሻገር አይቸግረውም፣ በቅሎም ብትሆን ልጓሟን ከያዙላት ትሻገራለች፤ ብረት ግን ፋብሪካው ካስቀመጠው ቦታ በአዋጅ አይነቃነቅምና መሪያቸው በቀኝ በኩል የተተከለ መኪኖች ባሉበት ቀሩ።

እስቲ አስቡት። መሪው በቀኝ፣ መንገዱም በቀኝ ሲሆን ሹፌሩ ጥርት አድርጎ የሚያየው ቦዩን ነው። ፊት ለፊቱ የቡና ጭነት ያንቀረፈፈው መኪና ቢኖርና ልቅደመው ቢል ማዶውን የሚያይለት ረዳቱ ነው፤ ረዳቱም በግራ መስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «ነፃ ነው፣ እለፍ!» ይላል፣ ሹፌሩም በረዳቱ ዓይን ያልፋል፤ ረዳቱ ደግሞ አንዳንዴ አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ሲጭን ያደረና እንቅልፍ የሚጥለው ነው። ከዚያ አቅም ያለው ባለመኪና «መሪው ወደ ግራ ይዛወርልኝ» እያለ ጋራዥ ማንኳኳት ጀመረ። የምነግራችሁም ይህንን ሥራ በልጅነቱ አይቶ ዕድሜውን ሁሉ የመሪ ዘንግ ሲያገናኝ ስለኖረ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱም መጠራቱን አይወድም፤ የኪራሙ ልጅ እንበለው።

ኪራሙ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ናት። ወደ ሰሜን ያለው ዓባይ ነው፣ ከዓባይ ማዶ ጎጃም ነው፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ጊዳ አለ፣ ከጊዳ ወዲያ የአንገር ቆላ ይወርዳል፣ ከአንገር ወዲያ ሽቅብ ወጥተው ነቀምት ይገባሉ። ልጁ በዚያው በሰኔ ወር ማርና ቅቤ የጫኑ የአጎቱን በቅሎዎች ተከትሎ ወጣ። ደጋው ላይ ዝናቡ ጀምሮ ነበርና መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነው፣ እግሩን ባነሣ ቁጥር መሬቱ አልለቅም ይለዋል፣ ማታ ደግሞ ጉሙ ይወርድና ከፊቱ የምትሄደውን በቅሎ ጅራት እንኳ አያይም፤ ከዚያም ወደ ቆላው ሲቃረቡ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። አጎቱ እዚያ አቆሙ። በቀን አይወረድም አሉ። በአንገር ቆላ የገንዲ ዝንብ አለች፣ የነከሰችው ከብት ይመነምንና ይሞታል፣ ዝንቧም በብርሃን እንጂ በጨለማ አትበርም፤ ስለዚህ ነጋዴ ፀሐይ እስክትጠልቅ ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ከዚያም ጭነቱን አጥብቆ ሌሊቱን ሙሉ ይጓዛል፣ ጎህ ሳይቀድም ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን መያዝ አለበት። ልጁ ያን ሌሊት የበቅሎዋን ጅራት ይዞ እያንቀላፋ ሲሄድ አደረና ዳገቱን ሲጨርሱ ነቀምት ነጋ።

ነቀምትን ታውቋታላችሁ፤ የእነ ሞረዳና የእነ ኩምሳ ከተማ ናት። ግን ልጁ ቤተ መንግሥቱንም ገበያውንም አላየም። ያየው አንድ ላንድሮቨር ነው፣ አራት ጉማጅ ግንድ ላይ ተሰቅሎ፣ ኮፈኑ ተነሥቶ፣ ፊቱ ተፈታትቶ። ከሥሩ ሁለት እግር ወጥቷል። ልጁ ጎንበስ አለና ማየት ጀመረ፣ አጎቱ ጠሩት፣ አልሰማም፤ ማሩ ተሸጦ አጎቱ ሊመለሱ ሲሉ «እኔ እዚሁ ልቅር» አለ። አጎቱ ተቆጡ፣ ከዚያም ሳቁ፣ ከዚያም አንድ ብር አስጨብጠውት ሄዱ።

የእግሮቹ ባለቤት በጣሊያን ጊዜ መፍቻ እያቀበሉ ሙያ የለቀሙ ሰው ነበሩ። በየጋራዡ ዛሬም ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሲባል የምንሰማው ከእንዲህ ያለው ሰው አፍ ወርዶ ነው። ጣሊያን ሄደ፣ እንግሊዝ መጣ፣ ላንድሮቨር መጣ፣ የጋራዡ ቋንቋ ግን የጣሊያን እንደሆነ ቀረ። መምህሩ የሆኑት እኚህ ሰው ልጁን «ያንን አምጣ» ይሉታል፣ ልጁ ያንን ያመጣል፤ «ይህን ያዝ» ይሉታል፣ ይይዛል። ብዙ ወራት እንዲህ ሆነ።

አሁን ላንድሮቨሩን ጠጋ ብለን እንየው፣ አትቸኩሉ። ሹፌሩ የሚጨብጠው ክብ ከአንድ ረጅም ዘንግ ጫፍ ተቀምጧል፤ ዘንጉ በቱቦ ውስጥ ወርዶ መሪ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ጠመዝማዛ ጥርስ አለው፣ ጥርሱ ሲዞር በላዩ ያለችውን ዳዶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋል፣ ያቺም ክንዱን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ትወስደዋለች፣ ከዚያ ክንዱ በሌላ ብረት አድርጎ የፊተኛው ተሸካሚ ብረት መሀል የቆመውን አቀባይ ያዞራል፣ አቀባዩም ጎማዎቹን። ፋብሪካው መኪናውን ለመላው ዓለም ነው የሠራውና ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየው የብረት ግድግዳ በግራም በቀኝም ለመሪ የሚሆን ቦታ ተዘጋጅቶለታል። ያየ ሁሉ «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ከዚህ ፈትቶ እዚያ ማሰር ነው» ይላል። አንድ ባለመኪናም እንዲሁ አለ።

ያ ባለመኪና ቸኩሎ ነበር። መምህሩ «የግራ ሳጥን ከአዲስ አበባ ይምጣልህ» ቢሉት እምቢ አለና ሌላ ዘንድ ወስዶ የቀኙን ሳጥን ወደ ግራ አሳሰረው፣ አቀባዩንም ክንዱን ወደ ግራ አስዞረው፣ ሁሉም ገጠመ፣ ሁሉም ጠበቀ፣ መኪናው ታጠበ። ከዚያም ሰው በተሰበሰበበት ሞተሩን አስነሥቶ ከግቢው ሲወጣ በቀኝ በኩል የጎረቤት አጥር አለና መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ መኪናው ግን ወደ ቀኝ ሄዶ አጥሩ ላይ ወጣ። ደንግጦ ይበልጥ ወደ ግራ አዞረ፣ መኪናውም ይበልጥ ወደ ቀኝ። የጠመዝማዛው ጥርስ አቅጣጫ የቀኝ ነው፣ ቦታው የግራ፤ ስለዚህ እጅ ያዘዘውን ጎማው ገልብጦ ይሰማል። ሰው ሳቀ። መምህሩ አልሳቁም። የኪራሙ ልጅ የመምህሩን ፊት ነው ያየው፤ ሰውዬው አጥሩን አልፈው ከአጥሩ ወዲያ በደጃፏ ቁጭ ብላ በቆሎ የምትፈለፍለውን ሴት እያዩ ነበር። በእሷና በመኪናው አፍንጫ መካከል የነበረው ጥቂት ቀርከሃ ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ያ አቀባይ በሆዱ ውስጥ ጠንካራ ሞላ ተጨንቆ ተቀምጧል፣ ሳያስሩት የፈቱት እንደሆነ ተስፈንጥሮ ይወጣል። መምህሩ ሲፈቱት መጀመሪያ በጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ ከዚያ በሽቦ ያስሩታል፣ ከዚያም ልጁን «ዞር በል» ይሉታል፣ እሱም ይዞራል፤ ሰውነታቸውን ግን ከልጁና ከብረቱ መካከል ያደርጋሉ። ይህችን ትንሽ ነገር የኪራሙ ልጅ ሽምግልናው ድረስ ሲናገራት ሰምቻለሁ። ስለ መምህሩ ሙያ ሲጠየቅ ሌላ ምንም አይልም፣ ይህችን ነው የሚለው።

ዓመታት አለፉ። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ልጁም ጎልምሶ አዲስ አበባ ገባ፣ በመርካቶ ዙሪያ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ተቀጠረ፣ ኋላም የራሱን ቆርቆሮ ቤት ተከለ። በዚያ ዘመን ላዳ መጣች። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች፣ አዲስ አበባን ለረጅም ዘመን የተሸከመች እሷ ናት። እሱም እጁን በላዳ ላይ አሳደረ። ላዳ ደግሞ የማን ልጅ እንደሆነች ብዙ ሰው ይረሳል፤ የጣሊያን ፊያት 124 ልጅ ናት። ሶቭየቶች ከፊያት ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. ተዋውለው፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር በጣሊያኑ ኮሚኒስት መሪ በቶሊያቲ ስም በተሰየመች ከተማ ፋብሪካ ተክለው፣ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አወጧት። ግን እንዲያው አልወሰዷትም፤ ለራሻ ጭቃና በረዶ እንድትሆን ከ800 በላይ ለውጥ አደረጉባት ይባላል፣ ቆርቆሮዋን አወፈሩ፣ ከመሬት አነሷት፣ ሞተሯንም ሌላ አደረጉት።

ያው ፊያት 124 ደግሞ ሌላ ልጅ አለው፣ የላዳ እህት፣ ቆንጆዋ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ። ስፓይደር ይሏታል። ፒኒንፋሪና ነው አካሏን የሣላት፣ በቱሪን ትርኢት ላይ የታየችው በዚያው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ አንዲቱ እህት በሞስኮ በረዶ፣ አንዲቱ በባሕር ዳርቻ መንገድ፣ ሁለቱም ከአንድ ቤት ወጡ። በመኪና ዓለም ይህ እንግዳ አይደለም። እንግሊዞች በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጧት ስፕራይት የምትባለው ትንሽ የስፖርት መኪና መሪዋን ያገኘችው መምህርና ነርስ ከሚነዷት ከሞሪስ ማይነር ነው፣ ሞተሯን ደግሞ ከኦስቲን። የትሪያምፍ ሄራልድ መሪም ለስፒትፋየር ተሰጥቷል። ፋብሪካው ራሱ ከአንዱ ወስዶ ለሌላው ያደርጋል፤ የሚያደርገው ግን ለክቶ፣ ፈትኖ፣ ከዚያ ነው። ጋራዥ ውስጥ ያለነው ይህችን «ከዚያ» የምትለዋን እንዘላታለን።

አንድ ቀን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ አንዲት ስፓይደር በገመድ ተጎትታ ቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የጨርቅ ጣሪያዋ ተቀዷል፣ ግን ስትቆም ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ዞረ። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ አባቱ ትተውለት ያለፉት ንብረት ነው። መሪዋ ሲዞር የላይኛው ይዞራል፣ የታችኛው አንዴ ይሰማል አንዴ አይሰማም። ሽማግሌው (አሁን እንግዲህ ሽማግሌ እንበለው) መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆመና ባትሪ ይዞ ገባ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ጋሼ፣ ምን አገኘህ?» አለ ወጣቱ ከላይ።

«ና ውረድና እየው ልጄ፣ ሰው የነገረህን አትመን።»

ወረደ። ዘንጉ ከዘንግ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጥርሶች አሉ፣ እንደ ጸጉር ማበጠሪያ የተቀራረቡ ሳይሆኑ የሚታዩ፣ የሚዳሰሱ። የሚያጠብቀው ቡሎን አንድ ጊዜ ላልቶ ሳለ መኪናዋ ተነድታለች፤ ጥርሶቹ እርስ በርስ ተፋጭተው አናታቸው ተላልጧል፣ ከነሱ በታች ያለችው መታጠፊያም ተበልታለች። ሽማግሌው ሌላ ነገር አላለም። ከጉድጓዱ ወጣና ከኪሱ ገና ያልተጠቀመበት ነጭ የልብስ ሳሙና አውጥቶ በፀሐይ አሞቀው፣ ሲለሰልስ ደህና በቀረው የጥርሱ ክፍል ላይ አጥብቆ ተጫነው፣ ቀስ ብሎ አንከባለለው፣ ከዚያም አነሣው። የጥርሶቹ ፈለግ አንድ በአንድ ሳሙናው ላይ ተቀርጾ ወጣ። በጥፍሩ እየነካ ቆጠራቸው። ሳሙናዋን በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተታትና «ሶማሌ ተራ እንሂድ» አለ።

ሶማሌ ተራን የማያውቅ ካለ መርካቶ ውስጥ ያለ የመኪና አካል ሁሉ የሚገኝበት ስፍራ ነው፤ እዚያ መኪና ሙሉ ሆኖ አይታይም፣ በሩ እዚህ፣ ቸርኬው እዚያ፣ ሞተሩ ከወዲያ ነው። ዝናቡ ያካፋ ነበርና ቆርቆሮው ሥር ሥር እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ። ሽማግሌው ሰላምታ አያስቀርም፣ የሰውየውን ልጅ ይጠይቃል፣ የእናቱን ጉልበት ይጠይቃል፣ ሻይ ይቀበላል፣ ከዚያ ነው ሳሙናዋን የሚያወጣት። ወጣቱ ተቁነጠነጠ። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ዘንግ ተገኘ፣ ሽማግሌው ገና ሲያየው መለሰው፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ ነው፣ የስፓይደሯ ግን በመታጠፊያ የሚሄድ ነው። ኋላ ከመጣችው 2105 ከምትባለው ላዳ ግን መካከለኛ ዘንግ ተገኘ፣ ሁለት መታጠፊያ ያለው። ወጣቱ «ይኸው!» አለና እጁን ዘረጋ። ሳሙናውን ጥርሱ ላይ አደረጉት፤ ለዓይን አንድ ነው። ይዘው ተመለሱ።

ጉድጓዱ ውስጥ ሲሞከር ዘንጉ ትንሽ ገባና ቆመ። ሽማግሌው አወጣው፣ በናፍጣ አጠበው፣ ደግሞ አስገባው፣ እዚያው ቆመ። ወጣቱ «በመዶሻ ቢነካ ይገባል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይገባል። በመዶሻ የማይገባ ነገር የለም። ሽማግሌው ግን መዶሻውን ወስዶ ከጉድጓዱ ውጭ አስቀመጠው። ጥርስ በእጅ ግፊት ተንሸራቶ ካልገባ ጥርሱ የዚያ አይደለም፣ በግድ የገባ እንደሆነ አናቱ ይላጣል፣ ዛሬ ይይዛል፣ ከወራት በኋላ በአንድ ቁልቁለት ላይ ይለቃል። ቁመቱም ችግር ነበረበት፤ የላዳው አጠር ስለሚል ቡሎኑ ከሚቀመጥበት የዘንጉ ወገብ ጉድጓድ ጋር አይገናኝም። ቡሎኗ ጥርሱን ጨምቃ ብቻ አይደለም የምትይዘው፣ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልፋ ዘንጉ ተንሸራቶ እንዳይወጣ የምትቆልፈው እሷ ናት። ዓይን ጥርሱን ያያል፣ ያንን ጉድጓድ የሚያይ ጥቂት ነው።

ከዚያ ያ የማይቀረው ነገር ተነሣ። «ጋሼ፣ የላይኛውን ከስፓይደሩ፣ የታችኛውን ከላዳው ቆርጠን ብናስበይደውስ? ቶርኖ ቤት አስተካክለው ይሰጡናል።»

ወገኖቼ፣ በኢትዮጵያ ጋራዥ ይህ ጥያቄ ነውር አይደለም። ስንት መኪና በብየዳ ቆሞ ይሄዳል። በር ይበየዳል፣ ፓራፋንጎ ይበየዳል፣ የጭነት መኪና ካሳ ይበየዳል፣ ከዚያም እህል ተሸክሞ ጎሬ ድረስ ይደርሳል። ሽማግሌው ራሱ ዕድሜ ልኩን ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ለመሪ ግን እንቢ አለ፣ ምክንያቱንም ቁጭ አድርጎ ነገረው። ብየዳ ብረቱን ያገናኛል፣ ከብየዳው አጠገብ ያለውን ብረት ግን እሳቱ ጠባዩን ይለውጠዋል፣ ያ ቦታ ይደርቃል፤ መሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲጠመዘዝ የሚውል ነውና የደረቀው ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትጀምራለች፣ ማንም አያያትም፣ ድምፅም የላትም። ፍሬን ሲደክም እግር ይነግርሃል፣ ሞተር ሲታመም ጆሮ ይነግርሃል፣ መሪ ሲበጠስ ቀድሞ የሚናገር የለውም።

ሁለተኛም አለ ብሎ ቀጠለ። የድሮው ቀጥ ያለ ዘንግ አፍንጫው ሲመታ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ወደ ሹፌሩ ደረት። ስንት ሰው ሞቶበታል። ጄኔራል ሞተርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴሎቹ ላይ ሲመታ ተጨማድዶ የሚያጥር ዘንግ አደረገ፣ በዓመቱ አሜሪካኖች በሕግ አዘዙት፣ ሌሎቹም በየመንገዳቸው ተከተሉ፤ አንዱ በመታጠፊያ ሰበረው፣ አንዱ በሚንሸራተት ቱቦ። ብየዳ ይህንን ሁሉ መልሶ አንድ ጦር ያደርገዋል። «እኔ የምበይድልህ ጦር ነው» አለው፣ «ጫፉም ወደ አንተ ነው።»

ወጣቱ ተናደደ። ሌላ ጋራዥ እወስዳታለሁ አለ፣ ሽማግሌው «ትችላለህ፣ ንብረቱ ያንተ ነው፣ ግን በገመድ ጎትተህ እንጂ ነድተህ ከዚህ አትወጣም» አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ሲል ቁጣ የለበትም፣ ድምፁም አልወጣም። ወጣቱ ትንሽ ቆመ፣ ደጁን አየ፣ ደጁ ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት እየወጡ ነበር። ከዚያም ስፓይደሯ ሸራ ለብሳ በዚያው ግቢ ጥግ ቆመች፣ ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ ድመት ወለደችባት። በመጨረሻ ከጣሊያን ለሠርግ የመጣች ዘመድ ትክክለኛውን ዘንግ ከነመታጠፊያው በሻንጣዋ፣ በቀሚስ ጠቅልላ አመጣችው። ይህም የእኛ አገር መንገድ ነው፤ የስንቱ መኪና አካል በሠርግ ቀሚስ ተጠቅልሎ ቦሌ ገብቷል። ዘንጉ ሲገጠም ሽማግሌው በሁለት ጣቱ ያዘው፣ ገፋው፣ ያለ ምንም ድምፅ ገብቶ ተቀመጠ፣ የቡሎኑም ቀዳዳ ከጉድጓዱ ጋር ፊት ለፊት ሆነ። ቡሎኑን አሥሮ ሲጨርስ አናቱ ላይ በስንጥር የነጭ ቀለም ነጥብ አደረገበት፣ ከላላ ነጥቧ ትዞራለችና ትታያለች።

ይህን የምነግራችሁ የድሮ መኪና ናፍቆት ይዞኝ አይደለም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያረጀ መኪና ከውጭ የሚያስገባ ሰው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ኤክሳይስ ታክስ እንዲከፍል ታዟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። በሁለቱም ላይ የየራሳችን አስተያየት ይኖረናል፣ የእኔን ለሌላ ቀን ላቆየው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው መኪና አይተካም፣ ይጠገናል። የጎደለውም ከዘመዱ ይወሰዳል፣ ዘመድ ከጠፋ ከጎረቤቱ። በዚያ ላይ ከጃፓን መሪያቸው በቀኝ የነበረ መኪኖች ዱባይ ላይ ወደ ግራ እየተገለበጡ ወደ አፍሪካ ሲጫኑ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ እኛም አገር ገብተዋል። ከነዚህ መካከል ፋብሪካው የግራ ብሎ በሠራው ሙሉ ዕቃ በጥንቃቄ የተለወጡ አሉ፣ በሰንሰለትና በብየዳ የተለወጡም አሉ። በስልሳ ዓመት ውስጥ ዞረን ዞረን ያ የነቀምት ግቢ ጥያቄ ጋ ተመልሰናል።

ሽማግሌው ዛሬ አይሠራም፣ ዓይኑ ደክሟል። ኪራሙ ሄዶ ዘመድ መጠየቅ ይፈልጋል፤ ባለፉት ዓመታት እዚያ በደረሰው ግጭት ግን ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፣ የእሱም ወገኖች ተበትነዋል፣ መንገዱም ተዘግቶ የከረመበት ጊዜ አለ። ሰዎች መኪና ሊገዙ ሲሉ ግን አሁንም ይወስዱታል። እሱ ሞተሩን አያስነሣም፣ ቀለሙንም አይዳስስም። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ ይላል፣ መሪውን በጣቱ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፣ ከዚያም አንዱን ልጅ ከሥር አስገብቶ «ዘንጉን ከላይ እስከ ታች በጣትህ ዳስሰው» ይለዋል።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በግራ መሪ የምትነዱት መኪና በቀኝ ተወልዶ የተገለበጠ ከሆነ፣ ወይም የመሪው ዕቃ ከሌላ ሞዴል የመጣ ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት ጉድጓድ ላይ አቁሙት። ዘንጉ ላይ የብየዳ ጠባሳ ካለ አትንዱት፣ ጎትታችሁ ውሰዱት። ጠባሳ ከሌለ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ቡሎን ፈልጉ፣ ዘንጉ ወገብ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ማለፏን እዩ፣ አጥብቁና አናቷ ላይ ነጭ ነጥብ አድርጉባት። በየዘይት ለውጡ ነጥቧን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው።